ጥያቄውን ለሻይ ሰዓት? የዩኒቨርሲቲ ጉባኤያት ለምን በዙ፣ ሴሚናሩስ ለምን ሳሳ?

የበጀት ዓመቱ መገባደጃ ሲቃረብ የዩኒቨርሲቲዎች የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾች በአንድ ዓይነት ፎቶግራፍ ይሞላሉ፤ ከመድረኩ በስተጀርባ «ዓለም አቀፍ ዓመታዊ የምርምር ጉባኤ» የሚል ባነር፣ ከፊት ወንበር የተደረደሩ የክብር እንግዶች፣ በመጨረሻም የምስክር ወረቀት ይዘው በኅብረት የቆሙ ጥናት አቅራቢዎች። ከፎቶግራፎቹ ሥር የሚነሣው ክርክርም ዓመት ከዓመት ብዙ አይለወጥም። አንደኛው ወገን ኑሮ እንዲህ በተወደደበት ወቅት ይህ ሁሉ መስተንግዶና አበል ምን ያደርጋል ይላል፤ ሌላው ደግሞ ምሁራን ተሰብስበው የማይነጋገሩበት ዩኒቨርሲቲ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በምን ይለያል ሲል ይመልሳል። ሁለቱም የሚከራከሩት በጉባኤያቱ መብዛትና ማነስ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩን በተሻለ የሚያስረዳው፣ ጉባኤው ስንት ጊዜ ተካሄደ የሚለው ሳይሆን፣ በጉባኤው ላይ ለጥያቄና ለሙግት ስንት ደቂቃ ተረፈ የሚለው ነው።

በአንድ ስም የሚጠሩ የተለያዩ ነገሮች

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከስያሜው ነው። ጉባኤ ወይም ኮንፈረንስ ሲባል በወጉ ጥሪ የሚወጣበት፣ አጽሕሮተ ጥናት የሚሰበሰብበት፣ በገምጋሚዎች የተመረጡ በርካታ ጽሑፎች በአንድ ወይም በተከታታይ ቀናት የሚቀርቡበት ስብሰባ ነው። ሲምፖዚየም ጥቂት ተጋባዦች በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ የሚነጋገሩበት ነው፤ ቃሉ በጥንት ግሪኮች ዘንድ አብሮ መጠጣት ማለት ነበርና፣ ከቀረቡት ጽሑፎች ይልቅ የማታው ግብዣ የሚታወሳቸው ተሳታፊዎች ከቃሉ ሥር ያን ያህል አልራቁም። ዓውደ ጥናት ደግሞ ያላለቀ ሥራ ይዞ ቀርቦ ከሌሎች ጋር እየሠሩ ማቃናት ሲሆን፣ በተግባር ግን አበል ያለው ስብሰባ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ሥልጠና ከእነዚህ የሚለየው በውስጡ ያለው ዕውቀት ለክርክር የሚቀርብ ባለመሆኑ ነው፤ አንዱ ያውቃል፣ ሌላው ይቀበላል። በዚህ ላይ «ኮንፈረንስ» የሚለው ቃል በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛውና ነዋሪው ተሰብስቦ ማብራሪያ የሚሰማበትን መድረክ ጭምር ስለሚጠራ፣ ሰሚው ስለ ምሁራን ጉባኤ ሲነገረው ሌላ ነገር ቢታየው አይፈረድበትም።

ሴሚናር ከሁሉም ይለያል። ቃሉ የመጣው የችግኝ መደብን ከሚያመለክት የላቲን ቃል ነው። በዛሬው መልኩ የተቀረጸው በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ሲሆን፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጎቲንገን የጥንታዊ ቋንቋዎች ሴሚናር ተቋቁሞ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የታሪክ ሊቁ ሊዮፖልድ ፎን ራንከ በርሊን ውስጥ ጥቂት ተማሪዎችን ሰብስቦ የታሪክ ሰነዶችን እንዲመረምሩና አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲተች ያደርግ ነበር። በ1876 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ልማድ ወርሶ አስፋፋው። መለያዎቹም ሦስት ናቸው፤ ተሳታፊው ጥቂት ነው፣ ስብሰባው ተደጋጋሚ ነው፣ ጽሑፉ አስቀድሞ ይነበባል።

የአማርኛ አንባቢ ይህ ልማድ ፈጽሞ ባዕድ አይሆንበትም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ያርማል፣ ሌሎቹም ከእርማቱ ይማራሉ። «ጉባኤ» የሚለውም ቃል ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት የመጻሕፍት ትርጓሜ የሚሰማበትን የትምህርት ቦታ ሲያመለክት ኖሯል። ልዩነታቸውን ማድበስበስ ግን አይገባም፤ በጉባኤ ቤት የመጨረሻው ቃል የመምህሩ ሲሆን፣ በሴሚናር ግን መምህሩ ራሱ ይጠየቃል።

የቀደሙት ምን ትተው አለፉ?

የኢትዮጵያ ዘመናዊ የምሁራን ጉባኤ ታሪክ አጭር አይደለም። የኢትዮጵያ ጥናት ዓለም አቀፍ ጉባኤ መጀመሪያ የተካሄደው በ1959 እ.ኤ.አ. በሮም ነው። ሁለተኛው በ1963 በማንቸስተር፣ ሦስተኛው ደግሞ በ1966 በአዲስ አበባ ተካሂዷል። በመካከሉ በ1963 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሥርቶ ስለነበር፣ ሦስተኛው ጉባኤ ጽሑፎቹን የሚያሳትምለት ቤት አገኘ፤ የጉባኤው መድበልም በሦስት ቅጾች ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጉባኤው በኪዮቶ፣ በሐምቡርግ፣ በትሮንድሃይም፣ በድሬዳዋ፣ በዋርሶ፣ በመቐለና በሌሎችም ከተሞች እየተዘዋወረ ቀጥሏል።

ከዚህ ይልቅ ትኩረት ሊሰጠው የሚገባው አነስተኛው ምሳሌ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል ዓመታዊ ሴሚናር ያካሂድ ነበር። ዘመኑ የጦርነትና የሳንሱር ዘመን ነበር፤ የውጭ ምንዛሪም የመጽሐፍ ግዢም እንደ ልብ አልነበረም። በእነዚያ ሴሚናሮች የቀረቡት ጽሑፎች ግን በመድበል ታትመው ዛሬም በታሪክ ጥናቶች የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ይገኛሉ። አቅራቢዎቹ አብረው የሚሠሩ፣ አንዱ የሌላውን የመስክ ማስረጃ የሚያውቅ ባልደረቦች ነበሩና፣ ማንም በቀላሉ ሊያልፍ አይችልም ነበር። በኢኮኖሚክስና በሕክምና ዘርፍ የሙያ ማኅበራት የሚያዘጋጇቸው ዓመታዊ ጉባኤያትም በተመሳሳይ ምክንያት የተሻለ ክብደት አላቸው፤ ታዳሚው በየዓመቱ የሚመለስ በመሆኑ ባለፈው ዓመት የተባለውን ያስታውሳል።

ለምን በዙ?

ከ30 ዓመት በፊት በአገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች የአዲስ አበባና የዓለማያ ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152 ከማስተማር ጎን ለጎን ምርምርንና የማኅበረሰብ አገልግሎትን የተቋማቱ ተልእኮ አድርጎ ደንግጓል። እያንዳንዱ ተቋም የራሱን ዓመታዊ ጉባኤ ቢያዘጋጅ፣ ፋኩልቲዎቹና የምርምር ማዕከሎቹም የየራሳቸውን ቢጨምሩ ቁጥሩ መናሩ የሚያስገርም አይደለም። ከመስፋፋቱ በስተጀርባ ግን ሦስት አሠራሮች እርስ በርስ እየተደጋገፉ ይሠራሉ።

አንደኛው በጀት ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል፤ በጊዜው ያልዋለ ገንዘብ ወደ መንግሥት ካዝና ይመለሳል፣ የሚቀጥለውን ዓመት ጥያቄም ያዳክማል። ላብራቶሪ ለማደራጀት የሚያስፈልገው ዕቃ በጨረታ፣ በውጭ ምንዛሪና በጉምሩክ አልፎ እስኪገባ ዓመቱ ሊያልቅ ይችላል፤ ጉባኤ ግን በሁለት ወር ውስጥ ታቅዶ፣ ተካሂዶ፣ ደረሰኙ ሊወራረድ ይችላል። ስለዚህ በግንቦትና በሰኔ ጉባኤ የሚበዛው የምሁራን የማሰብ ኃይል በክረምት መግቢያ ላይ ስለሚበረታ አይደለም።

ሁለተኛው ሪፖርት ነው። ከበላይ አካል የሚመጣ ቅጽ የሚጠይቀው ስንት ጉባኤ ተካሄደ፣ ስንት ጽሑፍ ቀረበ፣ ስንት ሰው ተሳተፈ፣ ከዚህ ውስጥ ሴት ስንት ነው የሚለውን ነው። እነዚህ ለመቁጠር የሚመቹ ነገሮች ናቸው። አንድ ተመራማሪ በተነሣበት ጥያቄ ምክንያት መደምደሚያውን ማስተካከሉ ግን በየትኛውም ዓምድ አይሞላም። «ዓለም አቀፍ» የሚለው ቅጽልም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ ከጎረቤት አገር የመጣ አንድ ተጋባዥ ወይም ከውጭ በኢንተርኔት የገባ አንድ ተናጋሪ ቅጽሉን ለማስለጠፍ ይበቃል። ለመምህሩም ቢሆን የተሳትፎ ምስክር ወረቀት በማኅደሩ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ለሥራ ምዘናም የሚቀርብ ሰነድ ነው።

ሦስተኛው ብዙ የሚነቀፈው፣ ግን በቅጡ የማይብራራው የውሎ አበል ነው። አበል የሚከፈለው ከመደበኛ የሥራ ቦታ ውጭ ለሚውልና ለሚያድር ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ጉባኤው በግቢው አዳራሽ ቢካሄድ አበል የለም፤ ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ሆቴል ቢካሄድ ግን አለ። የዋጋ ንረት ደመወዙን በበላበት መምህር ዘንድ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። መምህሩን ስግብግብ ብሎ መውቀስ ይቀላል፤ ነገር ግን ሥርዓቱ ራሱ በግቢ ውስጥ በነፃ መወያየትን ሳይሸልም፣ ከከተማ ርቆ መሰብሰብን ብቻ ሸልሞ ሳለ ሌላ ውጤት መጠበቅ አስቸጋሪ ነው።

ጥያቄው የት ይጠፋል?

ለአብነት አንድ የ90 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ እንውሰድ። አራት አቅራቢዎች 15፣ 15 ደቂቃ ቢሰጣቸው 30 ደቂቃ ለውይይት ይቀራል። የጠዋቱ መክፈቻ በእንግዶች መዘግየትና በተደራረቡ ንግግሮች 40 ደቂቃ ቢያሳልፍ፣ ክፍለ ጊዜው ወደ 50 ደቂቃ ይወርዳል። አቅራቢዎቹ በ12 ደቂቃ እንዲጨርሱ ቢታዘዙ እንኳ 48ቱ ደቂቃ በእነርሱ ያልቃል። የቀሩት ሁለት ደቂቃዎች ሰብሳቢው «ጊዜ ስለሌለን፣ ጥያቄ ያላችሁ በሻይ ሰዓት ተነጋገሩ» ለማለት ብቻ ይበቃሉ። የመክፈቻ ንግግር ሲረዝም የሚቀነሰው ምንጊዜም ውይይቱ ነው፤ የባለሥልጣኑን ንግግር የሚያሳጥር ሰብሳቢ እንደሌለ ሁሉ፣ የምሳውን ሰዓት የሚያዛውርም ብዙ የለም።

ጊዜ ሲተርፍም ይሉኝታ አለ። የድኅረ ምረቃ ተማሪ አማካሪው በተቀመጠበት አዳራሽ የሌላውን ፕሮፌሰር ናሙና አመራረጥ ለመጠየቅ ይከብደዋል። ዕድሉን ያገኘው በዕድሜና በማዕረግ የገፋው ሰው ደግሞ ስለተሰጠው ዕድል አመስግኖ፣ «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ብሎ ረጅም ንግግር ያደርጋል። አራት አምስት አስተያየት በአንድነት ከተሰበሰበ በኋላ መልሱ ለአቅራቢው ሲመለስ፣ የሚመቸውን መርጦ መልሶ ከባዱን ማለፍ እጅግ ቀላል ነው። ይህ የግለሰቦች ድክመት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም፤ ብዙ ሰው በአንድ አዳራሽ አንድ ጊዜ ብቻ ሲገናኝ የሚፈጠር ባሕርይ ነው። በየሳምንቱ የሚገናኙ 15 ሰዎች ዘንድ ይሉኝታው ከጊዜ ብዛት ይለዝባል።

የቋንቋው ጉዳይ ከዚህ አይለይም። የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ ጽሑፎቹ በእንግሊዝኛ ይቀርባሉ። ስለ አሲዳማ አፈር ወይም ስለ መስኖ ውኃ ክፍፍል በሚቀርብ ጥናት ላይ «ባለድርሻ አካላት» ተብለው የተጋበዙት የወረዳ የግብርና ባለሙያዎችና አርሶ አደሮች ግን ስለ ራሳቸው ማሳ የሚነገረውን በከፊል ሰምተው፣ ወይም ጨርሶ ሳይሰሙ ይመለሳሉ። ጥናቱን ለማረም ከማንም የተሻለ ዕውቀት ያለው ሰው በአዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ እያለ አለመጠየቁ ከሁሉ የከፋው ብክነት ይመስለኛል። አንዳንድ ሰብሳቢዎች ውይይቱን ወደ አማርኛ ወይም ወደ አካባቢው ቋንቋ በማዞር ይህን ለማቃለል ይሞክራሉ፤ በእነዚያ ጊዜያት ክርክሩ ወዲያው እንደሚሞቅ በቦታው የነበረ ሁሉ ያየዋል።

«አዳኝ» ጉባኤያት

ውይይት የሌለበት ጉባኤ ምስክር ወረቀቱ ብቻ ዋጋ እንዲኖረው ያደርጋል፤ ምስክር ወረቀት ብቻውን ዋጋ ሲኖረው ደግሞ የሚሸጠው አይጠፋም። ገንዘብ እየተቀበሉ፣ ያለ በቂ ግምገማ ማንኛውንም ጽሑፍ የሚያስተናግዱ አዘጋጆች በእንግሊዝኛው አጠራር ሲተረጎሙ «አዳኝ» ይባላሉ። የአማርኛው ጽሕፈት ማጥበቅና ማላላትን ስለማይለይ ቃሉ አድኖ የሚይዘው ተብሎም ከጥፋት የሚያድነው ተብሎም ሊነበብ ይችላል፤ የማዕረግ ዕድገቱ ለዘገየበት መምህር ሁለተኛው ንባብ ይቀናዋል።

አሠራሩ በተደጋጋሚ ተጋልጧል። በ2005 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ተማሪዎች በኮምፒውተር ፕሮግራም የፈበረኩት ትርጉም የለሽ ጽሑፍ በፍሎሪዳ ለሚካሄድ ጉባኤ ተቀባይነት አግኝቶ ነበር። በ2016 ደግሞ በኒውዚላንድ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑት ክሪስቶፍ ባርትኔክ፣ መሣሪያቸው ቀጣዩን ቃል እየገመተ የጻፈላቸውን ስለ ኒውክሌር ፊዚክስ የሚያወራ ዝብርቅርቅ አጽሕሮት በሐሰት ስም ላኩ፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ ተቀባይነት አግኝቶ የመመዝገቢያ 1,099 ዶላር እንዲከፍሉ ተጠየቁ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኦሚክስ የተባለውን አሳታሚና ጉባኤ አዘጋጅ ከሰሰ። ከክሱ ነጥቦች አንዱ ለመገኘት ያልተስማሙ ታዋቂ ምሁራንን ስም በጉባኤ ማስታወቂያ ላይ መጠቀሙ ነበር፤ በ2019 ፍርድ ቤቱ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈል ወስኗል።

ለኢትዮጵያዊው ተመራማሪ መለያዎቹ አስቸጋሪ አይደሉም። ከሙያው ጋር የማይገናኝ የግብዣ ኢሜይል፣ ሕክምናንም ሕግንም ምሕንድስናንም በአንድ ቀን የሚያስተናግድ መርሐ ግብር፣ በቀናት ውስጥ የሚመጣ የተቀባይነት ደብዳቤ፣ በሳይንሳዊ ኮሚቴው ውስጥ ስማቸው የተጠቀሱ ሰዎች ስለ ጉዳዩ ሲጠየቁ አለማወቃቸው ዋና ዋናዎቹ ናቸው። እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል፤ በግምገማ ረገድ ደካማ የሆነ የአገር ውስጥ ጉባኤ ሁሉ «አዳኝ» አይደለም። አንደኛው ሊያተርፍ ያታልላል፣ ሌላው አቅም ያንሰዋል። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ሊሻሻል የሚችለውን ተቋም ተስፋ ማስቆረጥ ነው።

ቪዛ፣ ዶላር እና ስክሪን

ወደ ውጭ መውጣቱም የራሱ መሰናክል አለው። በ2018 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል በተካሄደው ታላቅ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ጉባኤ ዙሪያ የተጋበዙ በርካታ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች የካናዳ ቪዛ ተከልክለው ነበር፤ አዲስ አበባ የተወለደችው የዘርፉ ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ ከመሠረቱት አንዷ የሆነችበት የጥቁር ተመራማሪዎች ስብስብ ጉዳዩን በይፋ አንሥቶታል። ከተሰጡት ምላሾች አንዱ በዘርፉ ከታወቁት ጉባኤዎች አንዱ የሆነው አይ.ሲ.ኤል.አር. የ2020 ስብሰባውን በአዲስ አበባ ለማካሄድ መወሰኑ ነበር። የኮሮና ወረርሽኝ ደረሰና ጉባኤው ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ሆነ፤ የአፍሪካ ተራ የደረሰው በ2023 በኪጋሊ ነው። አዲስ አበባ ያጣችው የሆቴል ገቢ ብቻ አልነበረም፤ የራሷ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ያለ ቪዛና ያለ አውሮፕላን ትኬት ሊገቡበት ይችሉ የነበረ አዳራሽ ጭምር ነበር።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ሒሳቡ ራሱ ተቀይሯል። ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ የ400 ዶላር መመዝገቢያ ወደ 23 ሺህ ብር ነበር፤ ምንዛሪው በወራት ውስጥ ከ120 ብር ሲያልፍ ያው ክፍያ ከ48 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ትኬትና ማደሪያ ሳይጨመር ማለት ነው። በኢንተርኔት መሳተፍ ይህን ያቃልላል፤ ሆኖም ግንኙነቱ አስተማማኝ ሲሆን ብቻ ነው። በትግራይ በጦርነቱ ጊዜ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የቆየው የኢንተርኔት መቋረጥ በየአካባቢው ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችን ምሁራን ከአካላዊውም ከርቀቱም መድረክ አርቋቸው ነበር።

ሁለቱ አቋሞች ሲመዘኑ

ጉባኤያቱ ይቀነሱ የሚሉት ወገኖች ጠንካራ ማስረጃ አላቸው፤ ወጪው ይታያል፣ ውጤቱ ግን አይታይም። ድክመታቸው ቅነሳው የት እንደሚያርፍ አለማስላታቸው ነው። ወጪ ሲቆረጥ የባለሥልጣናቱ መድረክ አይነካም፤ የሚቆረጠው የተማሪው የጉዞ ድጋፍና የመድበሉ ኅትመት ነው። ጉባኤያቱ ይብዙ የሚሉትም ትክክል የሆነ ነገር ይናገራሉ፤ በአዲስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ወጣት መምህር በሙያው ያሉ ሌሎች ሰዎችን የሚያገኝበት ሌላ ዕድል ላይኖረው ይችላል፣ የመጀመሪያው አቀራረብም ደካማ ቢሆን የሚጠበቅ ነው። የእነርሱ ድክመት መሰብሰብን ከመወያየት ጋር አንድ ማድረጋቸው ነው።

በዚህ ክርክር ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው ከቶም አይነሣም። የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የመጨረሻው ዓመት ትኩረት ወደ ፈተናው ያደላል፤ የመመረቂያ ጽሑፉም ለመምህሩ ቀርቦ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በጉባኤ ላይ ተማሪው የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ነው።

ወደፊት ምን ሊከተል ይችላል?

ሁለት ለውጦች ነገሩን ወደ ተለያየ አቅጣጫ ሊወስዱት ይችላሉ። አንደኛው ዩኒቨርሲቲዎች በተልእኮ መለየታቸው ነው። የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው የተመደቡት ስምንቱ ተቋማት በኅትመት ብዛትና ጥራት ይበልጥ መመዘናቸው ስለማይቀር፣ ጉባኤን ለኅትመት የሚያዘጋጅ መድረክ አድርገው እንዲያዩት ይገደዳሉ። ሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ግን በዚያው አሮጌ ቅጽ ከተመዘኑ የባነሩ ውድድር ይቀጥላል።

ሁለተኛው ራስ ገዝነት ነው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ገቢውን በከፊል ራሱ የሚያመነጭ ተቋም በሰኔ 30 ሩጫ ላይታሰር ይችላል፤ ጉባኤን እንደ ገቢ ምንጭ ማየት ከጀመረ ግን መመዝገቢያ ክፍያው ከፍ ብሎ ተማሪዎችንና ከክልል የሚመጡ መምህራንን ሊያስቀር ይችላል።

ሴሚናሩ ግን ከሁለቱም ለውጦች ብዙ አይጠብቅም። የሚያስፈልገው አንድ ክፍል፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከሦስት ቀን በፊት ለሁሉም የተላከ ያላለቀ ጽሑፍ፣ እንዲሁም ሰዓት የሚጠብቅ ሰብሳቢ ነው። በአንዳንድ የትምህርት ክፍሎች በጥቂት መምህራን ፈቃደኝነት ዛሬም ይካሄዳል፤ አስተባባሪው ለትምህርት ወደ ውጭ ሲሄድ ወይም ወደ አስተዳደር ሥራ ሲዛወር ይቋረጣል። ለአስተባባሪነቱ ከማስተማር ሰዓቱ የሚቀነስለት፣ በዓመታዊ ምዘናው የሚያዝለት፣ ለተተኪውም የሚተላለፍ ኃላፊነት እስካልሆነ ድረስ በሰውየው ዝውውር መቋረጡ ይቀጥላል።